የአሮጌ ካምፐር ኮምቢ ኤሌክትሪክ ሲያስቸግር፦ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ

የፊት መብራቱ ፈዟል። ፍሬቻው ሲፈልግ ይሠራል፣ ሳይፈልግ ይተኛል። ሞተሩ ሲሞቅ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሣው) «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ባትሪ ይገዛል፣ ቀጥሎ ዲናሞ፣ ቀጥሎ ሞተሪኖ። ሦስቱም ተቀይረው ችግሩ ግን እዚያው ቁጭ ይላል። በእንዲህ ያለ ዕድሜ ጠገብ መኪና ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚታመመው ዕቃው ሳይሆን መገናኛው ነው፦ የዛገ ማሳ (ኃይሉ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት)፣ የላላ ፊውዝ፣ ውስጡ የበሰበሰ ሽቦ፣ ግንኙነቱ የተቃጠለ ቁልፍ። አዲስ ዕቃ በዛገ መገናኛ ላይ ቢታሰር ከአሮጌው የተሻለ ሊሠራ አይችልም።

ምሳሌ አድርገን የያዝነው የቮልስዋገን ታይፕ 2ን፣ ሰው ሁሉ ኮምቢ የሚለውን ነው። አለካኩ ግን ለማንኛውም አሮጌ ካምፐር፣ ማለትም መኝታ ላለው መኪና፣ ይሆናል።

ከመንካትዎ በፊት

በመጀመሪያ የመኪናውን ቮልት ይወቁ። እ.ኤ.አ. እስከ 1966 አጋማሽ የተሠሩት ኮምቢዎች በአብዛኛው 6 ቮልት፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት 12 ቮልት ናቸው። አንዳንዱ 6 ቮልት የነበረ መኪና በባለቤቱ ወደ 12 ተቀይሮ ሞተሪኖው ወይም የዝናብ መጥረጊያ ሞተሩ ብቻ በ6 ቀርቶ ይገኛል፤ አምፖሎቹ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አይጎዳም። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለ12 ቮልት ናቸው።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው። አንድ ዲጂታል ቴስተር (ቮልት መለኪያ)፣ ሁለት ሽቦ የተበየደለት ባለ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል፣ ከ6 እስከ 8 ሜትር የሚረዝም ቀጭን ሽቦ ጫፍና ጫፉ ላይ መቆንጠጫ ያለው፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ የነሐስ ብሩሽና ቫዝሊን። ረጅሙን ሽቦ አይናቁት። የኮምቢ ባትሪ ከኋላ ሞተሩ ክፍል ውስጥ በቀኝ በኩል ነው፤ የፊት መብራቱን ከባትሪው ጋር ለማነጻጸር የቴስተሩ ሽቦ አይደርስም።

ባትሪ ሲፈቱ መጀመሪያ ነጌቲቩን፣ ሲያስሩ ነጌቲቩን በመጨረሻ። ምክንያቱም ፖዘቲቩን ሲፈቱ የብሎን መፍቻ ቁልፉ የመኪናውን ብረት ቢነካ፣ ነጌቲቩ አስቀድሞ ከተፈታ ምንም አይሆንም፤ ካልተፈታ ግን ቁልፉ በእጅዎ ላይ ይግላል። ሞተሩ ክፍል ውስጥ የቤንዚን ሽታ ካለ ደግሞ ኤሌክትሪኩን ይተዉትና የቤንዚን ቱቦዎቹን ይቀይሩ። የተሰነጠቀ ቱቦና ብልጭታ የሚለቅ መገናኛ አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ መኪናው አይተርፍም።

ቀለሙና ቁጥሩ

የጀርመን መኪና ሽቦ ሲመለከቱት የተዘበራረቀ ቢመስልም ሥርዓት አለው። ቡናማ ምንጊዜም ማሳ ነው፣ ማለትም ወደ መኪናው ብረት አካልና ወደ ባትሪው ነጌቲቭ የሚመለስ። ቀይ ቁልፍ ሳይዞር ጭምር ኃይል ያለው ነው። ጥቁር ቁልፍ ሲዞር የሚመጣ። ግራጫ የፓርኪንግና የኋላ ትንሹ መብራት፣ ቢጫ አጭር መብራት፣ ነጭ ረጅም መብራት፣ ሰማያዊ የቻርጅ ምልክት መብራት። ጥቁር በነጭ መስመር የግራ ፍሬቻ፣ ጥቁር በአረንጓዴ የቀኝ ፍሬቻ፣ ጥቁር በቀይ የፍሬን መብራት።

ዕቃዎቹ ላይ የተቀረጹት ቁጥሮችም ያው ናቸው። 30 ቀጥታ ከባትሪ፣ 15 ከቁልፍ፣ 31 ማሳ፣ 50 የሞተሪኖው ማስነሻ፣ 61 የቻርጅ መብራት፣ 56ኤ ረጅም፣ 56ቢ አጭር፣ 58 ትንሹ መብራት። ይህን የያዘ ሰው ከማያውቀው መኪና ሥር ገብቶም አይጠፋም።

ችግሩ የቀድሞ ባለቤቶች ናቸው። ቀይ ሽቦ ለማሳ የተጠቀመ፣ ሬዲዮ ለማስገባት የዝናብ መጥረጊያውን መስመር የቆረጠ፣ ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በፕላስተር የጠቀለለ ሰው በእያንዳንዱ አሮጌ ካምፐር ውስጥ አልፏል። ስለዚህ ብልሽት ሲፈልጉ ከፋብሪካ ያልመጣውን ሽቦ በቅድሚያ ይመልከቱ። ቀለሙ ከሥርዓቱ ውጪ የሆነ፣ በጠቅላላው ሽቦ መጠቅለያ ውስጥ ያልገባ፣ ፊውዝ የሌለው ሽቦ ካዩ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቁ ሌላ ነገር አይፍቱ።

ማሳ፦ የግማሹ ችግር ቤት

ኤሌክትሪክ ሄዶ መመለስ አለበት። ሰው ግን መሄጃውን ብቻ ይፈትሻል፤ አምፖሉ ጋ 12 ቮልት መድረሱን አይቶ «ኃይልማ አለ» ይላል። መመለሻው ከዛገ አምፖሉ አይበራም፣ ወይም ይባስ ብሎ ኃይሉ ሌላ መንገድ ፈልጎ ያልተጠራውን ያበራል።

የኋላ መብራቱን ይውሰዱ። አንድ መያዣ ውስጥ 21 ዋት የፍሬን፣ 21 ዋት የፍሬቻና 5 ዋት ትንሹ አምፖል በአንድ ማሳ ይጋራሉ። ያ ማሳ ሲበላሽ ፍሬን ሲረግጡ የፍሬን አምፖሉ መመለሻ ያጣል። ኃይሉም በጋራው ብረት በኩል ወደ ትንሹ አምፖል ይገባል፤ ከዚያ በግራጫው ሽቦ ወደ ሌሎቹ ትንንሽ መብራቶች ሄዶ በእነሱ ማሳ ይመለሳል። ውጤቱ ፍሬን ሲረገጥ ትንንሾቹ መብራቶች፣ አንዳንዴም የዳሽቦርዱ መብራት ጭምር ጭል ጭል ማለታቸው ነው። «አንዱን ስነካ ሌላው ይበራል» የሚባል ነገር ሁሉ እንዲህ ነው። አምፖል አይግዙ፤ የመብራት መያዣውን ብሎን ይፍቱ፣ ከሥሩ ያለውን ቀለምና ዝገት ብረቱ እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ፣ ብሎኑን መልሰው ይሰሩና ቫዝሊን ይቀቡ።

ትልቁ ማሳ ደግሞ በካምቢዮውና በሻሲው መካከል የሚታሰረው ጠፍጣፋ የመዳብ ጥልፍ ነው። ሞተሩና ካምቢዮው በጎማ ላይ ስለተቀመጡ ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኛቸው ዋናው መንገድ እሱ ነው። ካምቢዮ ወርዶ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሲጠፋ ወይም ሲበሰብስ የሞተሪኖው ከፍተኛ ኃይል በጋዝ ካቦና በፍሪሲዮን ካቦ በኩል መመለስ ይጀምራል፤ ካቦዎቹ ይግላሉ፣ ይደርቃሉ፣ እስከ መበጠስ ይደርሳሉ። ጋዝ ካቦ ቶሎ ቶሎ የሚበጠስበት ኮምቢ ካለ መኪናው ሥር ተኝተው ይህን ጥልፍ ይመልከቱ።

የቮልት ኪሳራ አለካክ

አብዛኛው ሰው ቴስተር የሚጠቀመው ዕቃውን ነቅሎ የሽቦውን ጫፍ በመለካት ነው። ይህ ያታልላል። ሃያ ክር ካለው ሽቦ ውስጥ አሥራ ዘጠኙ ተበጥሰው አንዱ ቢቀርም ቴስተሩ 12 ቮልት ያሳያል፣ ምክንያቱም ቴስተሩ ራሱ የሚወስደው ኃይል ከምንም አይቆጠርም። አምፖሉ በርቶ ኃይል ሲስብ ነው ያ አንድ ክር የሚጋለጠው። ስለዚህ ሁልጊዜ ዕቃው ታስሮና እየሠራ ይለኩ።

የፈዘዘ የፊት መብራት ይዘን ደረጃ በደረጃ እንሂድ። ሞተሩ ጠፍቷል፣ አጭር መብራት በርቷል። ባትሪው ላይ ሲለካ 12.5 ቮልት አለ። አምፖሉ ጀርባ ላይ በቢጫውና በቡናማው መካከል ሲለካ 10.9 ነው። 1.6 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የት?

ረጅሙን ሽቦ ከባትሪው ነጌቲቭ ራስ ጋር ያገናኙ፤ ካቦው ላይ ሳይሆን ከባትሪው የወጣው እርሳስ ላይ። የሽቦውን ሌላ ጫፍ ከቴስተሩ ጥቁር ጋር፣ የቴስተሩን ቀይ ከአምፖሉ ቡናማ ጋር። 0.5 ቮልት ካሳየ የማሳው ኪሳራ 0.5 ነው። መሆን የሚገባው ከ0.2 በታች ነው። አሁን ረጅሙን ሽቦ ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ ያዛውሩና ቀዩን እዚያ፣ ጥቁሩን ከአምፖሉ ቢጫ ጋር ያድርጉ። 1.1 ቮልት። ሲደመሩ 1.6፤ ሒሳቡ ገጠመ። ካልገጠመ አንዱን በደንብ አልነኩትም።

ቀጥሎ 1.1ዱን መበተን ነው። ቴስተሩን በፊውዙ ሁለት ጫፎች ላይ ያሳርፉ፦ 0.4። በመብራት ቁልፉ መግቢያና መውጫ፦ 0.5። በረጅምና አጭር መቀያየሪያው ሪሌ (በትንሽ ኃይል ተቀስቅሶ ትልቁን ኃይል የሚያገናኝ ማብሪያ) ላይ፦ 0.1። የቀረው 0.1 የሽቦው ነው፤ እሱ ተፈጥሯዊ ነው። ብልሽቱ ፊውዙ፣ ቁልፉና ማሳው ላይ እንዳለ በአሥር ደቂቃ ታወቀ፤ አንድም ዕቃ አልተገዛም።

የአምፖል ብርሃን ከቮልቱ እጅግ በፈጠነ ፍጥነት ይቀንሳል። 12 ቮልት የሚገባው አምፖል 11 ሲያገኝ የሚያጣው ብርሃን ሩብ ያህል ነው። «ጠንካራ አምፖል ላስገባ» የሚለው መፍትሔ ደግሞ ነገሩን ያባብሳል፦ አምፖሉ ብዙ ኃይል በሳበ ቁጥር በዚያው የታመመ መገናኛ ላይ ኪሳራው ይበዛል፣ ቁልፉም ይቀልጣል። 60/55 ዋት ኤች4 አምፖል ማስገባት የፈለገ ሰው መብራቱን በሁለት ሪሌ፣ ከባትሪ በቀጥታ በሚመጣና ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ባለው 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ያብራ። የድሮው ቁልፍ ያኔ ሪሌውን ብቻ ስለሚቀሰቅስ ዕድሜው ይረዝማል።

የሾጣጣ ፊውዞቹ ጣጣ

በድሮዎቹ የአውሮፓ መኪናዎች ላይ ያለው ፊውዝ እንደ ትንሽ ጥይት ሁለት ጫፉ የሾለ ነው። ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16፣ ሰማያዊው 25 ነው። የሚይዘው በሁለት የነሐስ ምላሶች መካከል በመጣበቅ ብቻ ስለሆነ ምላሶቹ ሲደክሙ ወይም ጫፎቹ ሲዝጉ ፊውዙ ሳይቃጠል ኃይል ያቆማል። ዓይን ያየዋል፣ ደህና ይመስላል፣ መብራቱ ግን የለም። መጀመሪያ ፊውዙን በጣት ባለበት ያሽከርክሩት። መብራቱ ተመለሰ? እንግዲያው ሁሉንም አንድ በአንድ አውጥተው ምላሶቹን በብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ፣ በፒንሳ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ያጥፉ፣ አዲስ ፊውዝ ያስገቡ። አካሉ ፕላስቲክ የሆነው ሲሞቅ ይለሰልስና ያጥራል፣ ያኔ ይላላል፤ የሸክላው ይሻላል።

ከፊውዙ አካል ውጪ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ ማስገባት የታወቀ ጥፋት ነው። ከዚያ በኋላ ፊውዙ ሽቦው ራሱ ይሆናል፣ ሽቦው ደግሞ ያለው ከምንጣፉ ሥር ነው።

ፊውዝ እየተቃጠለ ካስቸገረ

አንድ ፊውዝ በተቀየረ ቁጥር ወዲያው የሚቃጠል ከሆነ የፊውዝ ፓኮ አይጨርሱ። ባለ 21 ዋቱን አምፖል በፊውዙ ቦታ ያገናኙ። አምፖሉ ከ1.75 አምፔር በላይ ስለማያሳልፍ ሽቦ አይቃጠልም። በዚያ መስመር ላይ ያሉትን ዕቃዎች ሁሉ ይንቀሉ። አምፖሉ አሁንም በሙሉ ድምቀቱ ከበራ ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ብረት ነክቷል። አሁን ሽቦዎቹን በመንገዳቸው እየተከተሉ ይወዝውዙ፤ በር ማጠፊያው አካባቢ፣ ሽቦ የብረት ቀዳዳ በሚያልፍበት፣ የኋላ መብራቶቹ ጀርባ፣ የጣሪያው ድንኳን በሚታጠፍበት። አምፖሉ ድርግም ያለበት ቦታ የቆሰለው ነው። በቀዳዳው ላይ ጎማ ቀለበት ሳያስገቡ ሽቦውን በፕላስተር ብቻ መጠቅለል ችግሩን ለጥቂት ወራት ከማቆየት አያልፍም።

አንድ ልዩ ወጥመድ አለ። ከቁልፉ ወደ ቦቢናው (ለካንዴላው ብልጭታ ኃይል የሚሰጠው ጥቅልል) የሚሄደው ጥቁር ሽቦ በኮምቢ ላይ ፊውዝ የለውም። ከዚያው የቦቢና ቁጥር 15 ላይ አውቶማቲክ ቾኩ፣ የካርቡራተሩ ቤንዚን መዝጊያ ቫልቭና በብዙዎቹ ላይ የኋላ ማርሽ መብራቱም ኃይል ይወስዳሉ፤ የማርሽ መብራቱ እዚያው ሞተር ክፍል ውስጥ በሽቦው ላይ የተሰካ 8 አምፔር ፊውዝ አለው። ይህን ትንሽ ፊውዝ አንድ ሰው ከጣለውና የማርሽ መብራቱ ሽቦ ብረት ከነካ፣ የኋላ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ይጠፋል፣ ወይም ከዳሽቦርዱ ጀምሮ ያለው ሽቦ ይጨሳል።

ሞተሪኖው ሲያኮርፍ

ባትሪው ጭነት ሳይኖርበት፣ ከጥቂት ሰዓት ዕረፍት በኋላ 12.6 አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ፤ 11.8 ባዶ። ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ወይ አልሞላም ወይ አብቅቷል።

ባትሪው ደህና ሆኖ ሞተሪኖው ከሰነፈ፣ አንድ ሰው ቁልፉን ይያዝ፣ እርስዎ ይለኩ። ከባትሪው ፖዘቲቭ ራስ እስከ ሞተሪኖው 30 ብሎን፦ ከ0.5 ቮልት አይበልጥም። ከባትሪው ነጌቲቭ ራስ እስከ ሞተሩ ብረት፦ ከ0.3 ካለፈ ከላይ ያልነው ጥልፍ ወይም የባትሪው ማሳ ካቦ ነው። ሁለቱም ጥሩ ሆነው ዙሩ ከተንቀራፈፈ ያኔ ሞተሪኖውን ያውርዱ፤ ካርቦኑ (ለሚዞረው ክፍል ኃይል የሚያስተላልፈው ቁራጭ) ወይም የካምቢዮው ቤት ውስጥ ያለችው ትንሿ ቡሽ፣ የዘንጉ መያዣ ቀለበት፣ ናት። አዲስ ሞተሪኖ ሲገባ ቡሿ አብራ ካልተቀየረች ዘንጉ እየተንገዳገደ አዲሱንም ያበላሻል።

ሲቀዘቅዝ ተነሥቶ ሲሞቅ «ጠቅ» ብቻ የሚለው ሌላ በሽታ ነው። የ50 ሽቦው ከባትሪው ተነሥቶ እስከ ፊት ቁልፍ ሄዶ ተመልሶ ኋላ ይመጣል። ያ ሁሉ መንገድና ያረጀው የቁልፍ ግንኙነት ኪሳራ አላቸው፤ ሲሞቅ ደግሞ የሞተሪኖው ሶሌኖይድ (ሞተሪኖውን የሚያገናኘው ማግኔት) ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኃይልን የመከልከል መጠን፣ ይጨምራል። ቁልፉ ተይዞ ቁጥር 50 ላይ ከ8 ቮልት በታች ካገኙ መፍትሔው ሪሌ ነው። ባለ 40 አምፔር ሪሌ ሞተሪኖው አጠገብ ይታሰራል፦ የድሮው ቀይ-ጥቁር የ50 ሽቦ ወደ 86፣ 85 ወደ ማሳ፣ ከሞተሪኖው ትልቁ 30 ብሎን በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና በ30 አምፔር ፊውዝ ወደ ሪሌው 30፣ ከ87 ወደ ሞተሪኖው 50። ፊውዙ ብሎኑ አጠገብ ይሁን፣ ሪሌው ደግሞ አፉን ወደ ታች አድርጎ ይንጠልጠል፤ ወደ ላይ ካየ ውኃ ይሞላዋል።

30ንና 50ን በካቻቢቴ ማገናኘት የሚወዱ አሉ። ማርሹ ባዶ መሆኑ ካልተረጋገጠና ጎማው ካልታገደ መኪናው የተኛበትን ሰው ሊረግጥ ይችላል።

ቻርጅ

ሞተሩ በ2,000 ዙር አካባቢ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መኖር አለበት። መብራቱንና መጥረጊያውን ሲከፍቱ ጥቂት ይወርዳል፣ ከ13 በታች ግን መውረድ የለበትም። ከ14.8 በላይ ካለፈ መቆጣጠሪያው ተበላሽቷል፤ ባትሪውን ያፈላዋል፣ አምፖሎችንም ያቃጥላል።

ከሁሉ በፊት ግን ቺንጊያውን (ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ) በአውራ ጣት ይጫኑት። 15 ሚሊ ሜትር ያህል ይገባል። ይህን ሳያዩ ዲናሞ የሚያወርድ ሰው ጊዜውን ይከስራል፤ በአየር ከሚቀዘቅዙት ሞተሮች በብዙዎቹ ላይ ቺንጊያው ማቀዝቀዣውንም ስለሚያዞር መላላቱ ከቻርጅ በላይ ጣጣ አለው።

የቻርጅ ምልክቱ መብራት ሦስት ነገር ይናገራል። ቁልፍ ሲዞር፣ ሞተር ሳይነሣ፣ ሊበራ ይገባል። ካልበራ አምፖሉን ይመልከቱ፤ ባለ ዳዮድ ዲናሞ (አልተርኔተር) መነሻ ኃይሉን የሚያገኘው በዚያች አምፖል በኩል ስለሆነ አምፖሏ ከተቃጠለች ዲናሞው ደህና ሆኖ ቻርጅ አያደርግ ይሆናል። ሞተር ተነሥቶ ካልጠፋ ቻርጅ የለም። ዝግ ባለ ዙር ብቻ ጭል ጭል ካለ በድሮው ባለ ካርቦን ዲናሞ ላይ የተለመደ ነው፤ በባለ ዳዮዱ ላይ ግን ከተደጋገመ ካርቦኑ አልቋል ወይም አንድ ዳዮድ ሞቷል። ዳዮዱን ለመለየት ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቮልት አዙረው ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ይለኩ፤ ከ0.5 ቮልት ካለፈ ዳዮድ ነው። ሞተሩ እየሠራ ባትሪ መፍታት ግን «ቻርጅ መኖሩን ልይ» ተብሎ እንኳ አይደረግም። ዳዮዶቹንና መቆጣጠሪያውን በአንድ ጊዜ ይገድላል።

ባትሪ ቆሞ ሲያልቅ

ነጌቲቭ ካቦውን ይፍቱ፣ ቴስተሩን በ10 አምፔር ላይ አድርገው በካቦውና በባትሪው ራስ መካከል ያስገቡ። በሮች ዝግ፣ መብራት ሁሉ የጠፋ። ሰዓትና ሬዲዮ የሌለው አሮጌ ኮምቢ ከዜሮ ብዙም አይርቅም፤ 50 ሚሊ አምፔር ካለፈ ሌባ አለ። 100 ሚሊ አምፔር ቀላል ቢመስልም በቀን 2.4 አምፔር ሰዓት ነው፤ የ60 አምፔር ሰዓት ባትሪን በ12 ቀን ተኩል ግማሽ ያደርሳል። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ያውጡ፣ ቁጥሩ የወደቀበት መስመር ሌባው ያለበት ነው። ሁሉም ወጥተው ካልወረደ ፊውዝ የሌላቸውን ያስቡ፦ የዲናሞው ዳዮድ፣ ቀጥታ ባትሪ ላይ የታሰረ ኋላ የመጣ ዕቃ። ቴስተሩ እንዲህ ታስሮ ሳለ ቁልፍ አይዙር፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል።

ትንንሾቹ

ፍሬቻው ቶሎ ቶሎ ካለ አንድ አምፖል ጠፍቷል ወይም ማሳው ደክሟል። በርቶ ከቀረና ካላጨበጨበ የባትሪውን ቮልትና የፍሬቻውን ሪሌ ይዩ። ጨርሶ ከሌለ የአደጋ ጊዜ መብራቱን ቁልፍ ሃያ ጊዜ ያህል ይክፈቱና ይዝጉ፤ የፍሬቻው ኃይል በዚያ ቁልፍ ውስጥ ያልፋልና የቆሸሸ ግንኙነቱ ራሱን ያጸዳል። አምፖሎቹ በኤልኢዲ ከተተኩ የድሮው ሪሌ ጭነት አጣሁ ብሎ ያብዳል፤ ለኤልኢዲ የሚሆን ሪሌ ያስፈልጋል።

የፍሬን መብራቱ ማብሪያ ፍሬን ማስተሩ ላይ በዘይት ግፊት የሚሠራ ነው። ሁለቱን ሽቦዎች አገናኝተው መብራቱ ከበራ ማብሪያው ሞቷል። ጥሩምባው ኃይል የጥሩምባ ቁልፉ ሳይነካም ይደርሰዋል፤ መሪው ላይ ያለው ቁልፍ የሚያገናኘው ማሳውን ነው። ጥሩምባው ላይ ያለውን ቡናማ ሽቦ ቀጥታ ብረት ሲያስነኩት ከጮኸ ችግሩ መሪው በኩል ነው። መጥረጊያው ሲንቀራፈፍ ሞተሩን ከመክሰስዎ በፊት የክንዶቹን ዘንጎች ዘይት ይስጧቸው። አብዛኛውን ጊዜ የደረቀ ዘንግ ነው።

የመኝታው በኩል

ካምፐር ሁለተኛ ባትሪ አለው፤ ብልሽቱም የራሱ ነው። ሁለቱ ባትሪዎች በሪሌ ይገናኛሉ፣ ሞተር ሲነሣ ይያያዛሉ፣ ሲጠፋ ይለያያሉ። ሁለተኛው ባትሪ የማይሞላ ከሆነ ሞተሩ እየሠራ ሁለቱንም ይለኩ። አንደኛው 14.2፣ ሁለተኛው 12.4 ከሆነ ሪሌው አልተያያዘም፤ በሰማያዊው 61 መስመር የሚቀሰቀስ ከሆነ ያንን ይለኩ። 14.2 እና 13.3 ከሆነ ተያይዟል፣ ግን ካቦው ቀጭን ነው ወይም ማሳው ደካማ ነው። ከ10 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ካሬ ካቦ ይፈልጋል። ፊውዙ በሁለቱም ጫፍ፣ እያንዳንዱ ከባትሪው ከ30 ሳንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ ይሁን። አንዱን ብቻ ያደረገ ሰው ካቦው መካከል ላይ ቢቆስል ሌላኛው ባትሪ ያለ ከልካይ ያቃጥለዋል።

ፍሪጁ በ12 ቮልት አይቀዘቅዝም የሚባለው አቤቱታ ከሞላ ጎደል የሽቦ ጉዳይ ነው። 100 ዋት ያህል የሚስብ ፍሪጅ 8.3 አምፔር ይወስዳል። ከባትሪው 5 ሜትር ርቆ በ1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ቢታሰር፣ ደርሶ መልሱ 10 ሜትር ነውና 0.97 ቮልት ይከስራል። በ2.5 ሽቦ 0.58፣ በ6 ሽቦ 0.24። አንድ ቮልት የጎደለበት ማሞቂያ ከኃይሉ 16 በመቶ ያህሉን አጥቷል። ማሞቂያው ራሱ ደህና መሆኑን ለማወቅ ሽቦውን ነቅለው ሬዚስታንሱን ይለኩ፤ ለ100 ዋት 1.4 ኦም ገደማ ነው። ፍሪጁ ሞተር ሲጠፋ አብሮ እንዲጠፋ በሪሌ ይታሰር፤ አለዚያ የ60 አምፔር ሰዓት ባትሪን በአንድ ሌሊት ይጨርሳል።

የውኃ ፓምፑ ካልሠራ ቮልቱን ፓምፑ ላይ፣ ቧንቧው ተከፍቶ ሳለ ይለኩ። ከ11 በታች ከሆነ ሽቦው ወይም የቧንቧው ውስጥ ማብሪያ ነው፤ 12 ደርሶት ዝም ካለ ፓምፑን መታ መታ ያድርጉት፣ ከዞረ ካርቦኑ ተጣብቋል።

ለአዲስ መገናኛ በፕሬስ የሚጨመቅ ጫፍና በሙቀት የሚጨማደድ ሽፋን ይጠቀሙ። በሊድ የተበየደ ሽቦ ብየዳው የሚያበቃበት ቦታ ላይ ደንድኖ በንዝረት ይበጠሳል። ለግድግዳ የሚሆነው አንድ ወጥ የቤት ሽቦም በመኪና ውስጥ ቦታ የለውም፤ ያው ንዝረቱ ይሰብረዋል።

ከውጭ የሚሰካው 230 ቮልት ግን በዚህ ሁሉ ልምድ የሚነካ አይደለም። የመኪናው ብረት አካል ከመሬት መስመሩ ጋር መገናኘቱና ባለ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ) መኖሩ በባለሙያ መሣሪያ ይለካል። የአርሲዲው መሞከሪያ ቁልፍ ተጭኖ ካልወረደ የውጭው ገመድ ይነቀል፤ ኤሌክትሪሻን እስኪመጣም አይሰካ።